የኡስታ ገሪብ ግራ እጅ

ዱምያጥ ውስጥ ወንበር የማይሠራ ሰው ወይ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ወይ ታሞ ተኝቷል። የቀረው ይቆርጣል፣ ይፈለፍላል፣ ይቀባል፣ ጨርቅ ያለብሳል። ታዲያ በዚህ ከተማ፣ በእንጨት ሠራተኞች ማኅበር ግቢ፣ እንግሊዝኛ በሚሰጥባት ክፍል ውስጥ፣ የአስተማሪዋ ወንበር ሲወዛወዝ ይውል ነበር ቢባል ማን ያምናል? ግን እውነት ነው። አንድ እግሩ ያጥራል። ተማሪው በሙሉ ወንበር ሠሪ ሆኖ ሳለ አንድም ሰው አይነካውም። ለምን ቢባል፣ ወንበሩ የማኅበሩ ነዋ። የማኅበር ንብረት ደግሞ የማንም አይደለም። ሚስ ሻሂናዝም ካርቶን አጥፋ ከእግሩ ሥር ትወሽቅና ሥራዋን ትቀጥላለች።

ሻሂናዝ በዚህች ወንበር ለመቀመጥ ስንት ዘመን ጠብቃለች። ዕድሜዋን ያሳለፈችው የሰው ክፍል ስትጠብቅ ነው። አንዷ አስተማሪ ስትወልድ፣ ሌላው እግሩን ሲሰብር፣ እሷ ተጠርታ ትተካለች። የልጆቹን ስም ለይታ ሳትጨርስ ባለቤቱ ድኖ ይመጣል፣ «በጣም እናመሰግናለን ሚስ ሻሂናዝ» ይሏታል፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትወጣለች። ይህቺ የማኅበሩ ክፍል ግን የማንም ምትክ ሳትሆን የገባችባት የመጀመሪያዋ ናት። ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከዐስር ሰላት ወዲያ ተማሪዎቿ ፀጉራቸው ላይ ሰጋቱራ፣ ጥፍራቸው ውስጥ ኮላ ይዘው ሲገቡ፣ ደስታው ከፊቷ ላይ አይደበቅም።

ወንበር ሠሪ እንግሊዝኛ ምን ያደርግለታል እንዳትሉ። የውጭ አገር ገዢ ይመጣል፣ ወንበሩን ይገለብጣል፣ ሥሩን ያያል፣ አንድ ነገር ይላል። የእኛ ሰው አንገቱን ይነቀንቃል። ገዢው ደግሞ ሌላ ነገር ይላል። የእኛ ሰው ለዚያም ይነቀንቃል። ከዚያ በሰማያዊ የታዘዘው ወንበር በቀይ ተሠርቶ ይጠብቃል፤ ጭቅጭቁ ለብቻው ይወራል። ለዚህ ነው ሽበታሞቹ ሁሉ እርሳስ ገዝተው የመጡት።

እንዲህ እየሄደ ሳለ አንድ ሐሙስ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ክፍሉ በር ላይ ቆመ። ማክሰኞ የትምህርት ተቆጣጣሪ ይመጣል አለ። ትምህርቱን አይቶ ደህና ነው ካለ ክፍሉ ይቀጥላል፤ አይ ካለ ክፍሉ የቫርኒሽ መጋዘን ይሆናል። «ቫርኒሹ ውጭ ፀሐይ እየመታው ነው» ብሎ ጨመረ፣ የሚያሳዝነው የቫርኒሹ ነገር ይመስል። ከዚያ ሄደ።

ሻሂናዝ ካርቶኗን ከወንበሩ እግር ሥር መልሳ ወሸቀችና ተቀመጠች። ይህችንም ሊወስዱብኝ ነው አለች በልቧ። 

የዚያ ሰሞን ትምህርት፣ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑን፣ እኩል መሆኑን፣ አለመለወጡን የሚናገሩ ቃላት ነበር። ሁልጊዜ ለማለት ኦልዌይስ፣ እኩል ለማለት ኢኳሊ፣ እንዲሁም ደግሞ ለማለት ላይክዋይዝ፣ ሌላም ሌላም። ሻሂናዝ መጀመሪያ ዕድል ቀናኝ ብላ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ የሚጨቃጨቁት ስለ ምን ሆነና? ለአንድ ጠረጴዛ ስድስት ወንበር ይታዘዛል፣ ስድስቱም አንዱ ከአንዱ እንዳይለይ ይጨነቃሉ። ይህን ያህል ስለ መመሳሰል የሚያውቅ ተማሪ ከየት ይገኛል? ግን እዚህ ላይ ተሳስታለች። ስለ ነገሩ ብዙ ማወቃቸው ለክርክር እንጂ ለትምህርት አልጠቀመም።

«ሚስ፣ ይሄ ኦልዌይስ የሚባለው ነገር ውሸት ነው» አለ ዋጊህ። ዋጊህ ወንበር የሚቀባው ጎልማሳ ነው፣ ከክፍሉ ሁሉ ፈጣኑ፣ ምላሱም አብሮ የፈጠነ። «ቫርኒሽ በበጋ በአንድ ቀን ይደርቃል፣ በክረምት ሳምንት ያስጠብቃል። ታዲያ ሁልጊዜ ብዬ ለሰው ልማልለት?»

«ባሌ ግን ሁልጊዜ ይተኛል» አሉ ሐጃ ኢንሺራህ፣ ወንበር በጨርቅ የሚያለብሱት ሴትዮ። የሚናገሩት መርፌ በጥርሳቸው ነክሰው ነው ይባላል፤ ክፍል ውስጥ መርፌ ባይኖርም አፋቸው ልማዱን አልተወም።

«በእንግሊዝኛ፣ ሐጃ» አለች ሻሂናዝ።

«በእንግሊዝኛም ይተኛል።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሻሂናዝም መሳቅ የለብኝም እያለች ሳቀች።

በዚህ ሁሉ መሀል፣ በሩ አጠገብ፣ ኡስታ ገሪብ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ኡስታ፣ ማለትም ዋና ባለሙያ፣ ያላቸው አገሩ ነው፤ እንጨት ባወቁበት ዘመን ከዚህ ክፍል ግማሹ አልተወለደም። ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ ትንሽ የሚናገሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ቀሚሳቸውን ራሳቸው የሚያጥቡ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛቸው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ወንበሬ ሁልጊዜ ጥሩ ነው ለማለት «ማይ ቼር ኢዝ ኦልዌይስ ጉድ» ይላሉ። ስማቸው ሲጠየቁም ይችኑ ነው። ትናንት ምን በሉ ሲባሉም ይችኑ ነው። ዋጊህ አንድ ቀን «ኡስታ፣ ቤትዎ ቢቃጠል ምን ይላሉ?» ሲላቸው አስበው አስበው ይችኑ አሉ። ከዚያ በኋላ ሻሂናዝ ማፈራቸውን አይታ ብዙ አትጠይቃቸውም።

ቅዳሜ ዕለት የማክሰኞውን ልምምድ ጀመሩ። ሻሂናዝ ትጠይቃለች፣ የሚያውቅ እጁን ያነሳል፣ የማያውቅ መሬት መሬት ያያል። ከክፍሉ እኩሌታው መሬት መሬት ያያል። ሐጃ ኢንሺራህ አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ስሚኝ፣ ይሄ ነገር መላ ያስፈልገዋል» አሉ። «ተቆጣጣሪው ይሄን ሁሉ ያቀረቀረ ራስ አይቶ ምን ይላል? ፀጉር ቤት የገባ ይመስለዋል። እኛ ልጆች ሳለን እንዴት ነበር? ሁሉም እጁን ያነሳል። የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። አንቺ ቀኝ ቀኙን እየመረጥሽ ትጠይቂያለሽ። ተቆጣጣሪው ሙሉ ክፍል እጅ ሲነሳ ያያል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል።»

ይህ ዘዴ በዚህ አገር ያልተደረገበት ትምህርት ቤት የለም። ሻሂናዝም ልጅ ሳለች አድርጋዋለች፤ አስተማሪ ስትሆን ግን እንደማታስደርገው ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ዞር ብላ ክፍሉን አየችው። ጥቁር ሰሌዳው ባለበት ቦታ የቫርኒሽ በርሜል ተደርድሮ ታያት።

«እሺ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለአንድ ቀን ብቻ።»

«ሚስ፣ እኔ ግን…» አሉ ኡስታ ገሪብ ከበሩ በኩል።

«አንተ ገሪብ፣ ያንተ ነገር ቀላል ነው» አሉ ሐጃ ኢንሺራህ። «ግራህን አንሳና ጸጥ በል። ወንበርህ ጥሩ መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኡስታ ገሪብም ፈገግ አሉ፤ ሊሉት የጀመሩትን አልጨረሱትም። ጥያቄ ተጠየቀ፣ እጅ ሁሉ ተነሳ። የኡስታ ገሪብ ግራ እጅ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ ቆመ። ሻሂናዝ አልፋው ዋጊህን ጠየቀች። እሑድም ሰኞም እንዲሁ ሆነ፤ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ያ ግራ እጅ ይነሳል፣ እሷም በላዩ አሻግራ ሌላ ሰው ትጠራለች። እንዲያውም ታዛዥነታቸው ልቧን ነክቶት፣ ምስኪን ኡስታ፣ ቢያንስ ይህንን በደንብ ያዙት አለች።

ማክሰኞ ደረሰ። ሻሂናዝ ቀደም ብላ መጥታ ሰሌዳውን ልታጸዳ በሩን ስትከፍት፣ ከኋላ በኩል ያየችው ነገር አፏን አስከፈታት። የኋላው ግድግዳ ሥር ወንበር ተደርድሯል፤ ግን ምን ዓይነት ወንበር። ዋጊህ በወርቅ ቀለም የነከረውን ባለመደገፊያ ወንበር አምጥቷል። ሐጃ ኢንሺራህ ቀይ ከፋይ ያለበሱትን፣ ቁልፉ እንደ ሙሽራ ጌጥ የሚያብለጨልጨውን አምጥተዋል። ሌላው የአንበሳ ራስ የተፈለፈለበት፣ ሌላው ጀርባው ላይ ጽጌረዳ ያለበት፣ ሌላው ነገሥታት እንኳ ሊቀመጡበት የሚያፍሩት። ለካ ሁሉም በየቤቱ፣ ለማንም ሳይናገር፣ «የተከበረ እንግዳ በዚያ በሚወዛወዝ ነገር ላይ አይቀመጥም» ብሎ ከሱቁ ምርጡን ተሸክሞ መጥቷል። ሲገናኙም ያልጠበቁት ነገር ስለሆነ እርስ በርስ መናቆር ይዘዋል።

«ከፋይ በዚህ ሙቀት? የሰውየውን ቂጥ ልትቀቅሉት ነው» ይላል ዋጊህ።

«ያንተ ወርቅ ሱሪው ላይ ይቀራል። መንገድ ላይ ሰው መስጊድ የዘረፈ ይመስለዋል» ይላሉ ሐጃ።

ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ በሩ ጥግ፣ አንድ ያልተቀባ ወንበር ቆሟል። ዛን ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሠራ ነው፣ ጨርቅ የለውም፣ ወርቅ የለውም፣ አንበሳ የለውም። የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ሻሂናዝ ወንበሮቹን ወደ ውጭ አውጡልኝ ልትል ስትል የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ።

ተቆጣጣሪው ኡስታዝ ሩሽዲ ቀጭን፣ መነጽራም፣ በጉዞ የደከሙ ሰው ነበሩ። ገቡ፣ ሰላም አሉ፣ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ቆሙ። ወንበሮቹን ከዳር እስከ ዳር አዩአቸው።

«ሠርግ አለ እንዴ?» አሉ።

 ተማሪው ሁሉ አንገቱን ጠምዝዞ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ የማን ላይ ይቀመጡ ይሆን? ሰውየው ደግሞ ሌላ አገር የተወለዱ አይደሉም፤ አጎታቸው እዚሁ ዱምያጥ ቁም ሣጥን ሲሠራ እያዩ ነው ያደጉት። በአንዱ ወንበር ቢቀመጡ የቀሩት ሁሉ ዕድሜ ልካቸውን ሰላም እንደማይሏቸው ያውቃሉ። ተነፈሱ፣ ቦርሳቸውን ወለሉ ላይ አኖሩ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።  በጉዞ የደከመ ሰው ቆሞ የሚያየው ትምህርት እንዴት ደስ ሊለው ይችላል?

ትምህርቱ ተጀመረ። ጥያቄ ሲጠየቅ እጅ ሁሉ ወደ ላይ ይወረወራል፣ ሻሂናዝ ቀኝ ቀኙን ትመርጣለች፣ መልስ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ዋጊህ በኢኳሊ ዓረፍተ ነገር ሠራ፤ ሁለት ወንበሮቹ እኩል ቆንጆ ናቸው አለ። ሐጃ ኢንሺራህ ባላቸው ሁልጊዜ እንደሚተኛ በጠራ እንግሊዝኛ ተናገሩ። አንድም ሰው አልተሳሳተም፣ አንድም ሰው አላመነታም። እንዲያውም ነገሩ ከመጠን በላይ አማረ። ሻሂናዝ ከተቆጣጣሪው ፊት ላይ ደስታ ብትፈልግ አጣች፤ ሰውየው እግራቸውን እያፈራረቁ ይቆማሉ እንጂ አይናገሩም።

በመጨረሻ ከግድግዳው ተላቀቁ።

«ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ያለ ክፍል አይቼ አላውቅም» አሉ። «እስቲ እኔ ደግሞ አንድ ልጠይቅ። በኑሯችሁ የማይለወጥ ነገር ምንድን ነው? በእንግሊዝኛ ንገሩኝ።»

እጅ ሁሉ ተነሳ።

ኡስታዝ ሩሽዲ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ደህና። አሁን ቀኝ እጃችሁን ያነሳችሁ፣ አውርዱ።»

 ቀኝ እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። ግራቸውን ካነሱት መሀል አንዱ ራሱን ማከክ ጀመረ፣ ሌላዋ ሻሿን ታስተካክል ገባች፣ የቀሩትም እጃቸውን ያኖሩበት አልታወቀም። አየር ላይ የቀረው እጅ አንድ ብቻ ነበር፤ የኡስታ ገሪብ ግራ እጅ፣ እንደ ወትሮው፣ በሩ አጠገብ።

አለቀልኝ አለች ሻሂናዝ። የቫርኒሹ ሽታ ካሁኑ አፍንጫዋ ገባ። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ሰውየው ኑሮን ይጠይቃሉ፣ ኡስታ ወንበሬ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ክፍሉ ይስቃል፣ ነገሩ ያበቃል። ያዘነችው ለራሷ አልነበረም፤ በሰው ፊት ለሚሳቅባቸው ለሽማግሌው ነበር።

«እርስዎ» አሉ ኡስታዝ ሩሽዲ። «ይናገሩ።»

ኡስታ ገሪብ ተነሡ። ግራ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱና የቀኝ ክንዳቸውን በግራቸው ያዙት።  ከዚያ በዚያ በሚሰባበር እንግሊዝኛቸው፣ እያንዳንዱን ቃል ሚስማር እንደሚመታ ሰው ለየብቻ እያስቀመጡ እንዲህ አሉ።

«ቀኝ እጄ፣ ታሟል። ክረምት፣ እንጨት ወደቀ፣ ትከሻ። ቀኝ እጄ ወደ ላይ አይወጣም። ግራ እጄ ይወጣል። ኦልዌይስ ይወጣል። ሚስ ሻሂናዝ ቀኝ ያያል። ግራ አያይም። እኔ አውቃለሁ፣ ግን እጄ ግራ ነው። ችግር የለም። ዛሬ መጣሁ። ነገ፣ ላይክዋይዝ። ሚስ ሻሂናዝ ጥሩ ነው። ኦልዌይስ።»

ተቀመጡ። ግንባራቸው በላብ ረጥቦ ነበር።

ማንም አልሳቀም። ዱምያጥ ውስጥ ቀኝ ትከሻው የተጎዳ ወንበር ሠሪ፣ ሰው ይህንን ካወቀበት፣ ሥራ የሚሰጠው የለም። ለዚህ ነው ኡስታ ገሪብ ከክረምት ወዲህ ለጎረቤት፣ ለሐኪም፣ ለልጃቸው እንኳ ያልተናገሩት። በገዛ ቋንቋቸው ሊሉት ሞክረው ያቃታቸውን ነገር በሰው ቋንቋ አወጡት። ቃላቱ ጥቂት ስለሆኑ ነገሩ የሚደበቅበት ጓዳ አልነበረም።

«አንተ ገሪብ» አሉ ሐጃ ኢንሺራህ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «ከክረምት ጀምሮ? ታዲያ ማን ነበር የሚላግልህ?»

«በግራዬ እላጋለሁ።»

«በግራህ? ቅዳሜ ዕለት ልትለን የነበረው ይሄንን ነው? እኔ ነኛ አፍህን የዘጋሁት። ምላሴ ይቆረጥ።»

ሻሂናዝ ልትቀመጥ አለችና ተወችው፤ ካርቶኑ ከወንበሩ እግር ሥር ወጥቷል። ያ ሁሉ ልምምድ ትዝ አላት፤ ያ እጅ የተነሳበት፣ እሷ በላዩ ያሻገረችበት። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ በር ላይ ተቀምጣ የሚጠራት ያጣች ሰው ነበረች። እንዴት አላየሁትም ብላ አፈረች፤ እፍረቱ ከመጋዘኑ ፍርሃት በለጠ።

«ኡስታ ገሪብ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች። «ኡስታዝ፣ የተቀረውም እንደተረዱት ነው። የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን እንዲያነሳ ተስማምተን ነበር። የፈቀድኩት እኔ ነኝ። እነሱን እንዳይቆጡ።»

«እኛ ነን ያስገደድናት» አለ ዋጊህ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልጨመረበትም።

ኡስታዝ ሩሽዲ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

«እኔ ልጅ ሳለሁ ግራቸውን ከሚያነሱት ነበርኩ» አሉ። «ትምህርት ቤት እስክጨርስ ግራ። ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር እጄን አነሳለሁ፣ ማንም አይጠይቀኝም። አንዳንድ ቀን መልሱን አውቀው ነበር፤ ግን ግራ ነህ ተብያለሁና ማን ይስማኝ? ለዚህ ነው በሄድኩበት ሁሉ ቀኝ አውርዱ የምለው። ግራዎቹም ሁልጊዜ ራሳቸውን ያክካሉ። እስከ ዛሬ ተነሥቶ የመለሰልኝ ሰው አልነበረም።» መነጽራቸውን አደረጉ። «እዚህ ክፍል ውስጥ የማያውቅ የተባለ ሰው ተነሥቶ ተናገረ። ሌላው ሁሉ ሲያነበንብ የሰማሁት ጥናት ነው፤ ይሄኛው እንግሊዝኛ ነበር። አሁን ግን እግሬ አልቋል፣ አንድ ነገር ላይ ልቀመጥ ነው።»

 ሰውየው ወርቁን አለፉ፣ ከፋዩን አለፉ፣ አንበሳውን አለፉ፣ በሩ ጥግ ወዳለው ወዳልተቀባው ወንበር ሄዱ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አሉ ኡስታ ገሪብ።

«በግራ የተሠራ?»

«በግራ።»

ኡስታዝ ሩሽዲ ተቀመጡ። ወደ ቀኝ ዘመም አሉ፣ ወደ ግራ ዘመም አሉ፣ ወደ ኋላ ተደገፉ። አጎታቸው ቁም ሣጥን ሠሪ የነበረ ሰው እንዴት እንደሚፈትን ያውቁበታል። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም፣ ሲጥም አላለም። ዋጊህና ሐጃ ኢንሺራህ ተያዩ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ የእንጨት ሰው ነው፤ ያየው ነገር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። የኡስታ ገሪብ ምስጢር አሁን ቢወራም የሚጎዳቸው ነገር አልነበረውም።

«ኦልዌይስ?» አሉ ተቆጣጣሪው።

«ኦልዌይስ» አሉ ኡስታ ገሪብ።

«በሉ ለሊቀ መንበራችሁ ቫርኒሹን ሌላ ቦታ ያስጠልለው በሉት» አሉና እግራቸውን ዘረጉ። «አሁን ሻይ የሚባል ነገር አለ? ወይስ ዱምያጥ እንደሚሏት ስስታም ናት?»

ሐጃ ኢንሺራህ ይህን ስድብ አላሳለፉትም። ሻይም፣ ብስኩትም፣ ከገበያ የተገዛ፣ ማር የሚንጠባጠብበት ምሸበክ የሚባል ጣፋጭም አስመጡና፣ ሰውየው በቃኝ እስኪሉ ድረስ አጎረሷቸው። ከፋይ ወንበራቸውን ደግሞ በግድ ወደ መኪናቸው ሊጭኑ ሲሉ ዋጊህ ነው የገላገላቸው።

ሐሙስ ዕለት ሻሂናዝ ወደ ክፍሉ ስትገባ ሁሉም ቦታውን ይዟል። ሰላም ብላ ሰሌዳው ፊት ቆመች።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል እጅ ማንሳት የለም» አለች። «መናገር የፈለገ ጠረጴዛውን ያንኳኳ። በፈለገው እጅ። ቢያውቅም ባያውቅም።»

እንጨት ማንኳኳት ለእነሱ ማስተማር አያስፈልግም። ዛፉ ውስጡ ባዶ ይሁን ሙሉ በጣት አንኳኩተው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ክፍሉ ወዲያው እንደ ዎርክሾፕ ደመቀ፤ ግቢው ውስጥ የሚያልፈው ዘበኛ ራሱን በመስኮት አሾልኮ ምን ተሰበረ አለ።

«በመጀመሪያ ኡስታ ገሪብ» አለች ሻሂናዝ።

 ከማክሰኞ ወዲህ ኡስታ ገሪብ ምን ይሉ ይሆን እያሉ ሁሉም ሲጠብቁ ነበር። ሽማግሌው ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማይ ቼር ኢዝ ኦልዌይስ ጉድ» አሉ።

ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ዋጊህ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ፣ ሐጃ ኢንሺራህ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። ኡስታ ገሪብ ግን አልተቀመጡም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና በግራ እጃቸው ወደ ሻሂናዝ ወንበር አመለከቱ።

«ዩር ቼር» አሉ፣ ያንቺም ወንበር ለማለት፣ «ላይክዋይዝ።»

ሻሂናዝ ዞር ብላ አየች። ወንበሩ ሥር ካርቶን የለም። አጭሩ እግር ተነስቶ በቦታው አዲስ ገብቷል፤ የዛን እንጨት፣ ያልተቀባ፣ የብርጭቆ ወረቀት አልፎበት የለሰለሰ። የማኅበር ንብረት ነክተው ማን እንደፈቀደላቸው አልጠየቀቻቸውም። ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ወደ ቀኝ ዘመም አለች፣ ወደ ግራ ዘመም አለች። ንቅንቅ አላለም። ዓይኗ ውሃ ሞላ፣ ከንፈሯ ግን እየሳቀ ነበር፣ ስለዚህ መጽሐፉን ከፈተችና ትምህርቱን ጀመረች።